ያረጀ ኮምፒውተር ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

በእጁ ያለው ዕቃ ያረጀበት ሰው ሁለት መንገድ ይታየዋል፤ አንደኛው አሮጌውን አድሶ መሥራት ነው፤ ሁለተኛውም አሮጌውን ትቶ አዲስ መግዛት ነው። ነገሩ ሲታይ የገበያ ጉዳይ ይመስላል፤ ስለዚህም ብዙ ሰዎች ዋጋን ከዋጋ ጋር አመዛዝነው ወዲያው ይቈርጣሉ። ነገር ግን ዕቃው የብዙ ሰው ጉዳይ የሚፈጸምበት የሆነ እንደ ሆነ፣ ጥያቄው ከገበያ ወጥቶ ወደ ኅሊና ይገባል። በንፋስ መውጫና በዐርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ፣ ይኸውም በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ዕቃ ነው። ካረጀ በኋላ ጧት ሲከፍቱት ብዙ ያቈያል፤ ሲጽፉበት ፊደሉ ከጣት ኋላ ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም በሥራ መካከል ድንገት ይጠፋል። በዚህ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ «ይለወጥ» ይላል፤ ንብረት ጠባቂው ደግሞ «ገና ብዙ ዓመት ይሠራል» ይላል። ሁለቱ ስለ አንድ ዕቃ የሚከራከሩ ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን አንደኛው ስለ ሥራው ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ንብረቱ ይናገራል። ማንኛቸው እውነት እንዳለው ለማወቅ አስቀድሞ የዕቃ እርጅና ምን እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

የአገሩ ገበሬ ይህን ምርመራ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ማረሻው ቢደነዝ ወደ ባለእጅ ወስዶ ያስቀጠቅጠዋል፤ ድግሩ ቢሰበር ድግሩን ብቻ ይለውጣል፤ ምራኑ ቢበጠስ ሌላ ጠፍር ያገባበታል፤ ሞፈሩና ቀንበሩ ግን ደኅና ከሆኑ ከዓመት ወደ ዓመት ይሻገራሉ። ማረሻ ደነዘ ብሎ ሞፈሩንም ቀንበሩንም ወደ እሳት የሚጥል ገበሬ ቢገኝ፣ ጎረቤቶቹ ሀብታም ነው አይሉትም፤ አእምሮውን ይጠራጠራሉ እንጂ። የጠረጴዛ ኮምፒውተርም በአሠራሩ ለዚሁ ለእርሻ ዕቃ የቀረበ ነው። የእጅ ስልክ በሙጫ ተጣብቆ የተዘጋ ነው፤ በጉልበት የሚታቀፈው ላፕቶፕም ብዙውን ጊዜ አካሉ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፤ የጠረጴዛው ኮምፒውተር ግን በካቻቢቴ የሚከፈት ሣጥን ነው። በውስጡ ማዘርቦርድ አለ፤ በእርሱም ላይ ፕሮሰሰሩና ራሙ ተሰክተዋል፤ ጽሑፍ የሚቀመጥበት ዲስክ፣ ኀይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ፣ ሙቀት የሚያስወጣው ፋን በየቦታቸው ተሰካክተው ይገኛሉ። እያንዳንዱም ብቻውን ይታመማል፤ አብዛኛውም ብቻውን ይለወጣል።

እንግዲህ በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ የሚታየው ስሕተት የአንዱን ብልት በሽታ የመላው አካል ሞት አድርጎ መቊጠር ነው። በማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላት አንዲት ትንሽ ባትሪ አለች፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ኮምፒውተሩ ቀኑንና ሰዓቱን እንዳይረሳ የምትጠብቀው እርስዋ ናት። ዓመታት አልፈው ይህች ባትሪ ያለቀች እንደ ሆነ፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቍጥር ቀኑን ረስቶ ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል፤ በላዩ የሚጻፈውም ሰነድ ያለፈ ዓመት ቀን ይዞ ይቀመጣል፤ በኢንተርኔትም ቀንን እየመረመሩ የሚከፈቱ ገጾች አንቀበልህም ይሉታል። የማያውቅ ሰው «ይህ መሣሪያ አበደ» ብሎ ይፈርድበታል፤ መድኃኒቱ ግን አንዲት ባትሪ ናት። እንዲሁም በበጋ አቧራ በፋኑ ላይ ሲጋገር ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ በጋለም ጊዜ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ሥራውን ያዘገያል፤ ሙቀቱ ቢብስበትም ራሱን ያጠፋል። በዚህ ምክንያት ብቻ እንደ ሸመገለ የተቈጠረ መሣሪያ፣ አቧራው ቢጠረግለትና በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ቅባት ቢታደስለት እንደ ቀድሞው ይሠራል።

ራም የሚባለውም ክፍል እንደ ጸሐፊ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ሲሆን ጸሐፊው ወረቀቱን እያነሣ ወደ ሣጥን ሲመላለስ ይውላል፤ ኮምፒውተርም ራሙ ሲሞላበት የተረፈውን ወደ ዲስኩ እያመላለሰ ይዘገያል። አራት ጊጋባይት የነበረውን ስምንት ማድረግ ይህን መመላለስ ያስቀራል። ከሁሉ ይልቅ ግን አሮጌ ኮምፒውተርን የሚያዘገየው አሮጌው ሀርድ ዲስክ ነው፤ በውስጡ ያለው ሰሌዳ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ እየዞረ፣ በላዩም መርፌ የመሰለ ክንድ ወዲያና ወዲህ እየተወረወረ የሚያነብ ስለ ሆነ፣ ዓመታት ሲያልፉ ይደክማል። በእርሱ ፈንታ ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው፣ የሚዞር አካል የሌለው ዲስክ ቢገባበት፣ ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ኮምፒውተር ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊነሣ ይችላል። የኤሌክትሪኩም ኀይል ከፍ ዝቅ በሚልበት አገር ፓወር ሰፕላይ ቶሎ ይቃጠላል፤ ይህም ሲሆን «አዲስ ይገዛ» የሚለው ሰው አዲሱ በዚያው መሥመር ላይ እንደሚሰካ ማሰብ ይገባዋል። ስታቢላይዘር ሳይገዙ ኮምፒውተር መለዋወጥ ክዳኑ በሚያፈስ ቤት ምንጣፍ እንደ መለዋወጥ ነው።

ነገር ግን ጥገናም ወሰን አለው። ማዘርቦርዱ የሞተ እንደ ሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ የአንዱ ዘመን ራም በሌላው ዘመን ማዘርቦርድ አይገባምና። ዲ ዲ አር 2 የሚባለው በዲ ዲ አር 3 ቦታ፣ ዲ ዲ አር 3ም በዲ ዲ አር 4 ቦታ እንዳይሰካ ጎድጓዳው በሌላ ስፍራ ተቀርጿል። ስለዚህ ማዘርቦርድ የሚለውጥ ሰው ፕሮሰሰሩንም ራሙንም አብሮ ለመለወጥ ይገደዳል፤ ያን ጊዜም ስሙ ጥገና ይባል እንጂ በእውነቱ አዲስ ኮምፒውተር በአሮጌ ሣጥን ውስጥ መግዛት ነው።

በዚህ ስፍራ ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ የተከራከሩበት ጥያቄ ይመጣል። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው የአቴና ሰዎች ቴሴዎስ የተባለው ጀግና የተመለሰባትን ሠላሳ መቅዘፊያ ያላትን መርከብ ለብዙ ዘመን ጠበቋት፤ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ አዲስ ሳንቃ ያገቡባት ነበር። ሊቃውንቱም «ይህች ያችው መርከብ ናትን?» እያሉ ተከራከሩ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1655 ባሳተመው መጽሐፍ ጥያቄውን አከበደው፤ የወጡትን አሮጌ ሳንቆች አንድ ሰው ሰብስቦ እንደ ቀድሞው ቢያገጣጥማቸው፣ ከሁለቱ እውነተኛዋ መርከብ የትኛዋ ናት? አለ።

ምሳሌ ለመፈለግ ግን እስከ አቴና መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1955 ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም በጋይንት ወዳለችው ወደ ቤተልሔም በደረሰ ጊዜ፣ ከውጭ የታየችው በሣር የተከደነች ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ በውስጧ ግን በድንጋይና በእንጨት የተሠራች አራት ማዕዘን ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ለውጭ አገር ሰዎች እንደ አዲስ ግኝት ተነገረ፤ ለአገሩ ካህናትና ለድጓ ተማሪዎች ግን የተሰወረ ነገር አልነበረም። የቀደሙት ሰዎች አሮጌዪቱን አፍርሰው አዲስ አልሠሩም፤ ለዝናምና ለፀሐይም አጋልጠው አልተዉአትም። ዝናሙን የሚቀበለው የውጩ ክዳን ነው፤ ሣር ሲያረጅ ይታደሳል፤ የውስጧ ግን ትኖራለች። እነርሱ መጠገን ወይስ መለወጥ ብለው ከመጠየቃቸው አስቀድሞ፣ የሚጠበቀው የትኛው ነው? የሚያልፈውስ የትኛው ነው? ብለው የጠየቁ ይመስላል።

ይህን ጥያቄ ወደ ኮምፒውተሩ ብንመልሰው፣ ሣጥኑም ዲስኩም ማዘርቦርዱም የውጭ ክዳን እንደ ሆኑ ይታያል። የሚጠበቀው ጽሑፉ ነው፤ የመሬት ይዞታ መዝገብ፣ የተማሪዎች ውጤት፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ ቃለ ጉባኤ። በዚህም ነገር የኢትዮጵያ ፊደል የራሱ የሆነ ችግር አለበት፤ ኮምፒውተር ለዋጮች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ስለ ሆነ በጥቂቱ ማተት ይገባል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየመሥሪያ ቤቱ ይሠራባቸው የነበሩት እንደ ፓወር ግዕዝና እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው አሠራር ያስቀምጡት ነበር። በእነዚያ የተጻፈ ሰነድ ያ ፎንት ወደሌለበት አዲስ ኮምፒውተር ሲዛወር፣ «ሀ» የነበረው የላቲን ፊደል ወይም ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። ሰነዱ አልጠፋም፤ ነገር ግን የሚያነበው የለም። አሮጌውን ኮምፒውተር ቸኩሎ የጣለ መሥሪያ ቤት የዐሥርና የዐሥራ አምስት ዓመት ቃለ ጉባኤውን በእጁ ይዞ ማንበብ ሊሳነው ይችላል።

የድጓ ተማሪና የብራና ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ስሕተት አይሠሩም። አንድ መጽሐፍ ወደ አዲስ ብራና ሲገለበጥ አሮጌው አይጣልም፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ተነጻጽሮ እስኪታረም ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የተቀደደውም ብራና በክር ይሰፋል፤ የጠፋው ቅጠል ብቻውን ተጽፎ ይገባል፤ የድጉሱ ቆዳ ሲያልቅ ሌላ ቆዳ ይለብሳል። ጽሑፍን በሁለት ስፍራ ማኖርም ሌላ ጥቅም አለው። ንፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ በወደቀች ጊዜ እንደ ታየው፣ መሣሪያ በእርጅና ብቻ አይጠፋም፤ በአንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ከሣጥኑ ጋር አብሮ ይሄዳል።

እስካሁን የተነገረው በአካል ስለሚያረጅ ዕቃ ነው። ኮምፒውተር ግን ከማረሻም ከብራናም የሚለይበት ሁለተኛ እርጅና አለው። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሪባኑ እየተለወጠለት ሠላሳ ዓመት ቢሠራ፣ በመጨረሻው ቀን የጻፈው ደብዳቤ እንደ መጀመሪያው ቀን ደብዳቤ ይነበብ ነበር፤ ማንም ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ መኪና አሮጌ ነው» ብሎ አላወጀበትም። የጋይንት መሬትም በየዐሥር ዓመቱ አዲስ ዐይነት ሞፈር ካላመጣችሁ አልታረስም አይልም። ኮምፒውተር ግን ከሩቅ የሚወጣ ዐዋጅ ያስረጀዋል። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ፤ ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኩባንያው ደንብ መሠረት ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍል ያለውን፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶቹ በቀር ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራውን ይፈልጋል። ያም ትውልድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እንግዲህ በ2016 ተገዝቶ ዛሬም ምንም ሕመም የሌለበት ኮምፒውተር በአንድ ቀን ሽማግሌ ተባለ ማለት ነው።

ይህ ዐዋጅ መሣሪያውን አያጠፋውም፤ ነገር ግን በጥበቃው ላይ የሚገኘውን ቀዳዳ የሚደፍን ሰው አይኖርም። ስለዚህ አሳቡ እንደ ሥራው ይለያያል። ከኢንተርኔት ያልተገናኘና ደብዳቤ ብቻ የሚጻፍበት ኮምፒውተር አደጋው ትንሽ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የኢንተርኔት መሥመር ለብዙ ጊዜ ተቋርጦ መቈየቱም ይታወቃል። ነገር ግን ቫይረስ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽም ይገባል። የሰዎች ስምና ገንዘብ የተጻፈበትን፣ ከመሥመርም ጋር የተገናኘውን መሣሪያ ያለ ጠባቂ መተው ግን የሌላውን ሰው ንብረት በርን ከፍቶ እንደ መተው ነው፤ ባለቤቱ ቈጣቢ ነኝ ቢልም ቊጠባው ከራሱ ኪስ አይደለም። ሊኑክስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ በተባለ የፊንላንድ ተማሪ የተጀመረው ሥርዓት ያለ ዋጋ ይገኛል፤ በአሮጌ መሣሪያ ላይም በደኅና ይሠራል። ነገር ግን ሠራተኛው እንዲማረው ጊዜ ይፈልጋል፤ ለዊንዶውስ የተዘጋጁ የመንግሥት ቅጾችም ሁሉ በእርሱ ላይ አይከፈቱም። ለትምህርት ቤት ግን ከዚህ የሚሻል መንገድ አይታይም።

አሁን ወደ ንብረት ጠባቂው እንመለስ። እስካሁን ነገሩ ሁሉ ለእርሱ የሚፈርድ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን እርሱም የማያየው አንድ ሂሳብ አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ይገኙባቸዋል። የተረጂው ቤተ ሰብ ስምና የሠራባቸው ቀኖች ተመዝግበው የክፍያ ዝርዝር የሚወጣው በወረዳው ኮምፒውተር ነው። ዝርዝሩ ሲዘገይ ክፍያው ይዘገያል፤ ክፍያው ሲዘገይ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው የተራቈተ ሰው የሚበላውን ፍለጋ ይበደራል ወይም በጉን በርካሽ ይሸጣል። የክፍያ መዘግየት ምክንያት ብዙ ነው፤ ኮምፒውተሩ ብቻ ነው ማለት አይገባም። ነገር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ከሆነ፣ «ገና ይሠራል» የሚለው ቃል ለማን ነው የሚሠራው ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ይህንንም በቊጥር ማየት ይቻላል። አንድ ኮምፒውተር ከመዘግየቱ የተነሣ ጉዳይ ሊያስፈጽሙ የመጡ 30 ሰዎችን በቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ያስቈማል እንበል፤ ይህ በቀን 15 ሰዓት ነው፤ በ250 የሥራ ቀኖች 3,750 ሰዓት ይሆናል። ከእነርሱም አንዳንዱ ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ የመጣ ገበሬ ነው፤ «ነገ ተመለስ» ሲባል የሚከፍለው አንድ ሙሉ የእርሻ ቀን ነው። የኤስ ኤስ ዲ ዋጋ በወጪ መዝገብ ይጻፋል፤ ይህ ሰዓት ግን በምንም መዝገብ አይጻፍም። ያልተጻፈም ስለ ሆነ እንደሌለ ይቈጠራል። ቊጠባ የሚባለው ሰው የራሱን ሲቀንስ ነው፤ የድኻውን ጊዜ እያወጡ የመሥሪያ ቤቱን ብር ማስቀመጥ ግን ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

አለቃውም ከነቀፋ አያመልጥም። በብዙ ስፍራ እንደሚታየው አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀመጠው በአለቃው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በዚያም ሆኖ በቀን አንድ ወይም ሁለት ደብዳቤ ይነበብበታል። የአለቃው አሮጌ ወደ ምክትሉ ይወርዳል፤ የምክትሉ ወደ ጸሐፊዋ ይወርዳል፤ ሕዝቡ በሚሰለፍበት መስኮት ላይ የሚቀመጠው ከሁሉ ያረጀው ነው። ስለዚህ «ይለወጥ» የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ሳለ፣ ለውጡ የተደረገለት ሰው ሌላ ይሆናል፤ ከዓመት በኋላም ሰልፉ እንደ ቀድሞው ነው፤ «ኮምፒውተር ገዝተን ምንም አልተሻሻለም» ይባላል። ገንዘቡ ለአንድ አዲስ ብቻ የሚበቃ ከሆነና በዚያው ገንዘብ አምስት አሮጌዎች ራምና ኤስ ኤስ ዲ የሚያገኙ ከሆነ፣ አምስቱን ማደስ ይሻላል፤ አዲስ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ቦታው በመስኮቱ ላይ ነው።

የተለወጠው አሮጌ ወዴት ይሄዳል? የመንግሥት ንብረት በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 ይወጣል፤ ለመወገድ ግን ኮሚቴና ውሳኔ ይፈልጋል። ውሳኔው ሲዘገይ ኮምፒውተሩ በግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ ይተኛል፤ በመዝገብ ሕያው ነው፤ በሥራ ሙት ነው። ከግምጃ ቤት የወጣውም ዕጣው ደኅና አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የተዘጋጀው ዘገባ እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ የተጣለው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ በደንብ ተሰብስቦ እንደ ገና ለሥራ እንዲውል የተደረገው 22.3 ከመቶ ብቻ ነው። በአሮጌው ወፍራም ስክሪን መስተዋት ውስጥ እርሳስ አለ፤ መዳቡን ለማውጣት ሽቦ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ መርዝ ነው፤ የሚተነፍሰውም አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተር ኖሮት የማያውቅ ድኻ ነው። አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር መሻገሩን ለመቈጣጠር እ.ኤ.አ. በ1989 የተደረገው የባዝል ውል ኢትዮጵያንም ያካትታል፤ ነገር ግን «ስጦታ» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት ሣጥን የሚመጣውን መለየት ለማንም ቀላል አይደለም።

ከከተማ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት የሚላከውም አሮጌ ኮምፒውተር በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል። ማዘርቦርዱ የሞተውን፣ ኪቦርዱ የጎደለውን፣ በላዩም የቀድሞ ተረጂዎች ስም ሳይጠፋ የቀረበትን መላክ ግምጃ ቤትን ማስለቀቅ ነው። በዚህ ላይ የሆብስ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ጥቅም ያገኛል፤ ከሦስት የታመሙ ኮምፒውተሮች ደኅና ደኅናው ተለቅሞ ሁለት የሚሠሩ ይወጣሉና፤ የትኛው ያኛው ነው ብሎ የሚከራከር ተማሪም አይገኝም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ የሠለጠነ ሰው፣ አንድ ካቻቢቴ፣ የንብረት ኮሚቴው የፈረመበት አንድ ወረቀት ነው፤ ከሦስቱ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ይዘገያል።